ያልጻፍኋት መስመር

በወንድሜ አርባ ላይ፣ ሰዉ በልቶ ሲጨርስ፣ አንድ ጎልማሳ ቄስ ተነሥተው ተናገሩ። የመሪጌታ ድምፅ አብሯቸው አልተቀበረም አሉ፤ ባሕር ዳር ያለ አንድ ዲያቆን በኮምፒውተር ቀድቶ ስላኖረው ተማሪዎቻቸው ዛሬም ከስልክ እየሰሙ ይማሩበታል፤ እግዚአብሔር ያንን ዲያቆን በዕድሜ በጸጋ ይጠብቅልን። ድንኳኑ ሙሉ አሜን አለ። እኔም የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ ከሴቶቹ ጋር ከድንኳኑ አፍ ቆሜ ነበርና አሜን አልሁ።

እንዲህ ያለ ዲያቆን የለም። የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ያኖርሁትም እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ምስጋናውን ለመቀበል አይደለም፤ ምስጋና ያስፈልገኝ የነበረበት ዕድሜ አልፏል። ነገር ግን ሥራው የዲያቆኑ ከሆነ ጥፋቱም የዲያቆኑ ሊሆን ነው። ጥፋቱን ለማንም አልሰጥም።

አባታችን ከይፋግ ወዲህ፣ ሜዳው ላይ ባለች አንዲት ደብር ድጓ ያስተምሩ ነበር። ጉባኤ ቤቱና የእኛ ቤት አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ። ወንድሜ ከግድግዳው በዚያ በኩል ከተማሪዎቹ ጋር ዜማ ይቀበላል፤ እኔ በዚህ በኩል ጥጥ እፈትላለሁ። በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ። እሱ በሦስት ቀን ያልያዘውን እኔ እንዝርቴን እያሾርሁ በአንድ ቀን ይዤው አድር ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ ግድግዳው ቀጭን ስለነበረ ነው።

በዚያ ጉባኤ ትልቁ ቃል «ተመለስ» ነበር። ተማሪው ሲያዜም አንዲት ርክርክ፣ ያች የድምፅ ሞገድ፣ ብታመልጠው አባታችን ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተመለስ ይሉታል። ከሳተበት አይቀጥልም፤ ከራሱ ይጀምራል። አንድ ቀን ወንድሜ ሦስት ጊዜ ተመለስ ተብሎ እያለቀሰ ወደ ጓሮ ወጣ። አዘንሁለትና የሳተውን በለሆሳስ አልሁለት። ተቀብሎኝ ገባ፤ በትክክል አለው። ከዚያ ማን እንዳሳየው ለአባታችን ተናገረ። አልተመታሁም፣ ክፉ ቃልም አልወጣብኝም። በማግሥቱ ብቻ ጥጤንና እንዝርቴን ይዤ ወደ በረቱ ማዶ እንድሄድ ታዘዝሁ። እዚያ የሚሰማው የከብት ማመስኳት ነው። ለምን እንደነገረብኝ ዕድሜ ልኬን ጠይቄው አላውቅም። እሱም ነግሮኝ አያውቅም።

ጎልምሶ ሩቅ አገር ሄደና የሌላ ቤት ዜማ ተምሮ፣ አስመስክሮ መጣ። መጽሐፉ ያው ነው፣ ምልክቱም ያው ነው፤ አወራረዱ ግን ይለያል። አባታችን በአንድ ቃል መጨረሻ ላይ ሦስት ጊዜ የሚያጥፉትን ድምፅ የወንድሜ ቤት አንዴ አጥፎ ይቆርጠዋል። አባታችን ሲያርፉ ወንበር ዘርግቶ ያስተማረው ያንን አዲሱን ነው፤ በሁለቱም ቤት መካከል የወላወለ ተማሪ ምስክር ፊት ሲቀርብ ይወድቃል። የአባታችን ዜማ በዚያው ቀረ። ቴፕ ፊት ለመቀመጥ አልወደዱም ነበርና ከእርሳቸው የተቀዳ አንዲት ቃል የለችም። የሩዝ ማሳቸው ስትከፈል ማን ምን ላይ እንደፈረመ ግን አውቃለሁ። እሱን እዚህ አልዘረዝርም። ስለ ባሌም አልጽፍም።

እኔ ወረታ ወረድሁ። ታይፕ ተምሬ አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ቢበላሽ የሚጠየቅ ሰው ስላስፈለገ ለእኔ ተሰጠ። አንድ ኃላፊ ነበር፤ ማሽኑ በቆመ ቁጥር ሰው ሰብስቦ፣ የመሪጌታ ልጅ ጠበል ትርጭበት ይል ነበር። ይስቁ ነበር። እኔ የማሽኑን መጽሐፍ ይዤ ቤቴ እገባና እንደ ድጓ ቃል በቃል አነበው ነበር። በመጨረሻ የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ብቻዬን የማስተዳድር እኔ ሆንሁ። ጡረታ ስወጣ አንድም ሰው የይለፍ ቃሉን አልጠየቀኝም። ገጹ በዓመቱ ጠፋ። የጠፋበትን ምክንያት አውቀው ነበር፤ የጠየቀኝ ስላልነበረ አልተናገርሁም።

ወንድሜ አንድ የገበያ ቀን ወረታ መጥቶ ደጄ ላይ ተቀመጠ። አንገቱ ላይ ነጠላ ጠምጥሟል። ጉሮሮው እየከዳው መሆኑን፣ ሐኪሞቹም ድምፁ ብዙ እንደማይቆይ እንደነገሩት እያንሾካሾከ አጫወተኝ። ሳይዘጋ በፊት ትምህርቱን ሁሉ ልቅዳው ወይ አልሁ። ለዚህ እንደመጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ግን የጠየቅሁት እኔ ሆኜ ቀረሁ።

ከጥር እስከ መጋቢት እየተመላለስሁ ቀዳሁት። ሰርቨር የሚሉትን ተከራየሁ፤ ሰርቨር ማለት ለጠየቀው ሁሉ ሌሊትና ቀን የሚመልስ ኮምፒውተር ነው፤ የእኔው ባሕር ማዶ ነበር። ድምፁን እዚያ ጫንሁና የትምህርቶቹን ስም ደርድሬ ገጽ ከፈትሁ። በየደብሩ የተበተኑት ተማሪዎቹ ከስልካቸው ይሰሙት ጀመር። ወንድሜ ሰርቨሩን «በቅሎሽ» ይላት ነበር። በቅሎሽ ደህና አደረች ወይ ይለኛል፣ ሰላምታ ሳይሰጠኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ቤቴ ቁጭ ብዬ የጽጌን ወር ትምህርቶች ሳዳምጥ እጄ ቆመ። ወንድሜ እያዜመ ነው፤ ቃሉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ድምፁን አንዴ ማጠፍ ሲገባው ሦስት ጊዜ አጠፈው። ወደ ኋላ መልሼ ሰማሁት። የአባታችን ነው። ሌሎቹንም ከፈትሁ። በድካሙ መጠን እየበዛ ይሄዳል፤ ማለዳ የተቀዳው ንጹሕ ነው፣ ከቀትር ወዲያ የተቀዳው ድብልቅ። ከተማሪዎቹ አንድም ያወቀ የለም። አባታችንን የሰማ ተማሪ ከእንግዲህ የለማ።

ወንድሜ ዘንድ፣ ደብሩ ድረስ ሄድሁ።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው፣ እንዳትቆጣ» አልሁት።

«ካልተቆጣሁበት ምን ልትነግሪኝ ዓባይ በርሃ ያህል መንገድ መጣሽ?»

ነገርሁት። ፊቱ ተለወጠ። «አንቺ ዜማ የምትለይው ከመቼ ወዲህ ነው? ከበረቱ ማዶም ይሰማሽ ነበር?»

እንግዲህ ያስታውሰዋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ረስቶታል እያልሁ እራራለት ነበር። ስልኬን አውጥቼ አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ድጋሚ አለኝ። ድጋሚ ሰማ። ከዚያ ተማሪዎቹን ሰበብ ፈልጎ ወደ ወፍጮ ቤት ላካቸውና ሁለታችን ስንቀር፣ ቀስ ብሎ፣ «የአባባ ነው» አለ። ጉሮሮው ሲዝል በኋላ የተማረው እየለቀቀው፣ በልጅነቱ የገባው ነበር የሚወጣው።

ያን ለተማሪ ትቶ መሞት ለሱ ምን እንደሆነ መግለጽ አለብኝ። መምህር ተሳስቶ ያስተማረው ዜማ በተማሪው አፍ ይኖራል፤ ተማሪውም ለሌላ ያስተላልፈዋል። መምህሩ በሕይወት ካለ ያርማል፤ ከሞተ ስሕተቱ ስሙን ይዞ ይዞራል። ስለዚህ የተደባለቁትን በሙሉ በማለዳ በማለዳ እንደገና ቀዳን። የቀረችው ድምፅ ትንሽ ነበረች።

በሁለተኛው ማለዳ፣ ረዘም ያለ ክፍል ላይ፣ ድምፁ እንደገና ወደ አባታችን መንገድ አጋደለ። አላወቀውም። ዝም ብዬ ላሳልፈው አሰብሁ። ከዚያ «ተመለስ» አልሁት።

ዓይኑን ገለጠ። በዚያ ግቢ ያንን ቃል ሴት ብላው አታውቅም። ከቤቱ የሚያስወጣኝ መሰለኝ፤ ለመነሣት መቅረጫዬን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን መልሶ ጨፈነና ከራሱ ጀመረ። በዚያ ሳምንት ደጋግሜ አልሁት። አንድ ጊዜም አልተከራከረኝም።

ሥራው ባለቀ ዕለት ላፕቶፔን ከፍቼ ወደ ሰርቨሩ ስገባ የተለመደው ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። ወንድሜ አየና በቅሎሽ ምን እያለችሽ ነው አለኝ። አስረዳሁት። ከርነል የሚሉት የማሽኑ አስኳል ነው፤ በብረቱና በሌላው ፕሮግራም ሁሉ መካከል ቆሞ ያገናኛል። አዲስ አስኳል ሲመጣ ማሽኑ ዲስኩ ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ ጠፍቶ ካልተነሣ አይሠራበትም፤ እስከዚያ በአሮጌው ይቀጥላል። ስለዚህ ባሻሻልሁት ቁጥር እየሠራ ያለው ቁጥር ይህ ነው፣ የተጫነው ቁጥር ያ ነው፣ አንድ አይደሉም ይለኛል።

«የተጫነው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ» አለ ወንድሜ። ጥቂት አሰበ። «እኔን ትመስላለቻ እንግዲህ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሳል ሆኖበት ሚስቱ ውኃ ይዛ መጣች። ከልጅነታችን ወዲህ አብረን የሳቅንበት ሌላ ቀን አላስታውስም፤ ካለም እሱ ይዞት ሄዷል።

ለምን ታዲያ አጥፍተሽ አታስነሻትም ብሎ ጠየቀኝ። እፈራለሁ አልሁት። ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ የኖረ ማሽን ሲነሣ ምን እንደረሳ አይታወቅም።

የታረሙት ሲጨመሩ ቦታው ስላልበቃ ለሰርቨሩ ተጨማሪ ዲስክ ተከራየሁና ሁሉንም እዚያ አዘጋጀሁ። እንዲህ ያለው ዲስክ በነባሩ ማኅደር ላይ እንደሚነጠፍ ጀንዲ፣ የቁርበት ምንጣፍ፣ ነው። መደቡ ላይ ጀንዲ ስታነጥፍ የሚታየው ጀንዲው ነው፤ ከሥሩ ያለው አይጠፋም፣ አይታይም እንጂ። ከላይ የታረመው፣ ከሥር ድብልቁ ሆነ ማለት ነው። ግን ማሽኑ ጠፍቶ ቢነሣ ጀንዲውን ራሱ መልሶ የሚያነጥፈው፣ አንጥፍ የምትል አንዲት መስመር ሲነሣ በሚያነበው ሰነድ ውስጥ ከተጻፈችለት ብቻ ነው። በእጄ አነጠፍሁት፤ ተማሪዎቹ የታረመውን መስማት ጀመሩ። መስመሯን ልጽፍ ስል ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነበር።

«ገጹ ላይ የቀዳው ማን ተብሎ ነው የተጻፈ?»

«እኔ ተብሎ።»

«አንድ ዲያቆን ቀዳው በይ። ባሕር ዳር ያለ ዲያቆን።»

«ዲያቆኑ ማን ይባላል?»

«ስም ምን ያደርግለታል። የኔታን እህታቸው አረመቻቸው ከተባለ ተማሪዎቼ የትም ሄደው አንገታቸውን ቀና አያደርጉ። እቴ፣ አንቺ እንደሆንሽ ምን ይቀርብሻል?»

ምን እንደሚቀርብኝ አልነገርሁትም። እሺ አልሁና ዘጋሁት። ከወንበሬ ተነሥቼ ወጣሁ፤ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ እስከሚገናኝበት ድረስ ሄድሁና የሩዝ ጆንያ የሚጭኑ መኪኖች መካከል ቆምሁ። የባጃጅ ሹፌሮች የት ላድርስዎ ይሉኛል። የትም አልሁት አንዱን፤ ሳቀብኝ። ስመለስ ስሜን ሰርዤ ዲያቆኑን ጻፍሁና ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። መስመሯን ረሳኋት። ረሳኋት ማለት ይቀለኛል። ሥራዬ ነበርና እንደሚረሳ ነገር አልነበረችም።

በዚያው ሰሞን የወንድሜ ድምፅ ፈጽሞ ጠፋ። ማስተማሩን ግን አልተወም። ጉባኤው መካከል ትንሽ ድምፅ ማጉያ ተደርጎ ትምህርቱ ከስልክ ይከፈታል፤ ተማሪዎቹ ተከትለው ያዜማሉ፤ እሱ በመቋሚያው ያዳምጣል። ልክ ሲሆን መቋሚያው ዝም ይላል፤ ሲሳሳቱ መሬት ይመታል፤ ከራሱ ይጀምራሉ። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ቆየ። በመካከል በአካባቢያችን የኢንተርኔት መስመር ለረጅም ጊዜ ጠፋ፤ ያኔ በየስልካቸው ያስቀሩትን ብቻ ይሰሙ ነበር። በቅሎዋ ብቻዋን ባሕር ማዶ ቆማ ጠበቀችን። መስመሩ ሲመለስ ገብቼ አየሁ፤ ማሽኑ አንድ ቀን እንኳ አልጠፋም። ማስጠንቀቂያው ብቻ ነበር የጠበቀኝ፣ የቁጥሮቹ ልዩነት ሰፍቶ።

ባለፈው ነሐሴ የሰርቨሩ አከራዮች ደብዳቤ ላኩ። በአሮጌው አስኳል ላይ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ስለተገኘ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ በአዲሱ ያልተነሣ ማሽን ይዘጋል ይላል። ወንድሜ ያኔ ከአልጋ አይወርድም ነበር፤ ጉባኤው አልጋው ዙሪያ ሆኗል። ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ወደ ደብሩ የሚወስደው መንገድ ውኃ ነው። መሄድ አልቻልሁም። ማድረግ የምችለው ማሽኑን መጠበቅ ነው ብዬ፣ በጸሎት ሰዓት፣ ተማሪዎቹ በማይከፍቱበት፣ አጥፍቼ አስነሣሁት።

ተነሣ። ገጹን ከፈትሁ፤ የትምህርቶቹ ስም እንደተደረደረ ነው። አንዱን ነካሁ፤ የወንድሜ ድምፅ ወጣ። እፎይ ብዬ ዘጋሁትና ወደ አስኳሉ ዞርሁ። ቁጥሩ አሮጌው ነው። ማስጠንቀቂያውም እንዳለ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም ነበር። የተጫኑትን ዝርዝር አየሁ፤ አዲሱ አለ። ማሽኑ ሲነሣ የሚያነብበትን ቦታ አየሁ፤ እዚያም አለ። እንደገና አስነሣሁት፤ አሮጌውን ይዞ ተነሣ። በማግሥቱ ወረታ መብራት ጠፍቶ ዋለ፤ በስልኬ ባትሪ ስታገል ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን አገኘሁት። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ማሽኑን በተከራየሁ ሰሞን፣ አንድ አዲስ አስኳል አልነሣ ብሎኝ ስለነበር፣ በዚህ ቁጥር ብቻ ተነሣ፣ ሌላ አትምረጥ ብዬ በገዛ እጄ ጽፌለት ኖሯል። እሱ የታዘዘውን ነው የፈጸመ። ትእዛዙን ሰረዝሁ፤ አስነሣሁት፤ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሆኑ። ያ ማስጠንቀቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ።

ደስ አለኝ። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን ብቻዬን ቤቴ ውስጥ ቆሜ እጄን አጨብጭቤያለሁ። ኃላፊው፣ ያ ጠበል ትርጭበት ይል የነበረው፣ ባየኝ አልሁ።

እጄ ሳይወርድ የወንድሜ ሚስት ደወለች። ደግ ሴት ናት፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እሷን አልከስም።

«እትዬ፣ የኔታ ምን እንደሆኑ አላወቅነም» አለችኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ መቋሚያው አላርፍ ብሏል። ተማሪዎቹ ከስልኩ እንደሰሙ ያዜማሉ፤ እሱ መሬቱን ይመታል። ተሳሳትን ብለው ከራሱ ይጀምራሉ፤ ስልኩን መልሰው ያዳምጣሉ፣ እንደሱ አድርገው ይላሉ፤ ይመታል። ካልከፈቱለት ደግሞ በእጁ እየጠቆመ ያስከፍታል፤ ምናልባት አሁን ትክክል ይሆናል እንደሚል ሰው። ዛሬ ማለዳ መቋሚያውን ወርውሮታል። ትልልቆቹ ተማሪዎች ሕመሙ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ እያሉ አልቅሰዋል።

«ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጊልኝ» አልኋት።

አስጠጋችልኝ። የጽጌን ትምህርት ከፍተዋል። ቃሉ መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ ድምፁ አንዴ ታጠፈ፣ ሁለቴ ታጠፈ፣ ሦስቴ ታጠፈ።

ማሽኑ በመጀመሪያው ቀን ሲጠፋ ጀንዲው ተነሥቶ ነበር። የሚያነጥፈው መስመር አልተጻፈም። ከሥር የነበረው ድብልቅ ወጥቶ፣ በዚያው ስም፣ በዚያው ተራ ቁጭ ብሏል። እኔ የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ ብዬ የዘጋሁት ሁለት ቃል ሳይል ነው። ማስጠንቀቂያው ስለ ቁጥሮቹ አለመመሳሰል ዓመታት ጮኸልኝ፤ ስለዚህኛው ግን የሚጮህ አልነበረም፤ የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፣ እሱ ደግሞ ድምፅ የለውም።

መስመሯን ጻፍኋት። ሰላምታ ተለዋውጦ የሚጨረስበትን ያህል እንኳ አልፈጀችም።

«አሁን እንደገና ክፈቱለት። እህትህ አስተካክላዋለች በይልኝ። አውቃ እንዳላደረገችው ንገሪልኝ።»

«ወዲያው ወርውረው ደክሟቸው ተኝተዋል፣ እትዬ። ሲነቁ አሰማቸዋለሁ።»

ቀስቅሽው ልላት ነበር። የታመመ ሰው ለኮምፒውተር ይቀሰቀሳል ወይ ብዬ ተውሁት። ወይም እንደዚያ ያልሁ ይመስለኛል። ወይም በአንድ ቀን የማይሞት መስሎኝ ነው፤ ወይም ደግሞ እኔ ዕድሜዬን የጠበቅሁትን እሱ አንድ ከሰዓት ቢጠብቅ ምን አለ ብያለሁ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ሞክሬያለሁ።

አልነቃም። በማግሥቱ ማለዳ ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት ጎረቤቴ ደጄ ላይ ቆመው ሳያቸው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነው የወጣሁ፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ። ውኃውን በታንኳ ተሻግረን ለቀብሩ ደረስን። ተማሪዎቹ በትክክለኛው ዜማ ሸኙት፤ እኔ ከሴቶቹ መካከል ሆኜ እያንዳንዷን መታጠፊያ ቆጠርሁ። አንድም አልሳቱም።

ከሰልስቱ በኋላ ሚስቱ ወደ ጓዳ ጠራችኝና ከትራሱ ሥር ያገኘችውን ብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ። መጻፍ ካቆመ ቆይቶ ነበር፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፊደሉ ወደ ታች እየወረደ ሄዷል። እሷ ፊደል አታውቅም፤ ለተማሪ ለማስነበብ አፍራ ቆይታለች። «ይህን ለምን አወጣሽብኝ» ይላል። ስም አልተጻፈበትም። አንቺ ያለው ግን ማንን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«ጸሎት ነው፣ እትዬ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ጸሎት ነው» አልኋት። ወረቀቱን አልመለስሁላትም።

እንግዲህ ወንድሜ የሞተው እኔ ተበቀልሁት ብሎ ነው። አባታችን ዘንድ የነገረብኝን፣ ማሳውን፣ ዲያቆኑን፣ ሁሉንም አንድ ላይ ቆጥራ አስከፈለችኝ ብሎ። ለመበቀል ስንት ጊዜ አስቤ እንደነበር ስለማውቅ፣ አላደረግሁም ብዬ ስናገር ለራሴም ውሸት ይመስለኛል። ነገር ግን አላደረግሁም። አንዲት መስመር ሳልጽፍ ተነሥቼ ወጣሁ፣ ይኸው ነው።

አሁን በየወሩ ሰርቨሩን አሻሽላለሁ፤ በየወሩም አጥፍቼ አስነሣዋለሁ፤ መፍራት ትቻለሁ። ቁጥሮቹን አመሳክራለሁ። ከዚያ በኋላ ያረማቸውን ትምህርቶች አንድ በአንድ ከፍቼ፣ በዚያች ቃል መጨረሻ ላይ ድምፁ አንዴ መታጠፉን ሰምቼ፣ እዘጋለሁ። ከዚያ አልፌ አላዳምጥም።

ድብልቁን ማጥፋት ነበረብኝ። የስሙ ነገር ነው፤ እኔ ከሞትሁ በኋላ አንዱ መጥቶ ጀንዲውን ቢያነሣ ያው ስሕተት ይወጣል። ለማጥፋት የሚበቃ አንድ ትእዛዝ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጽፌው ሁለት ጊዜ ደምስሼዋለሁ። በዚህ ዓለም ላይ የአባቴ ዜማ ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ በደከመ ሰው ጉሮሮ፣ በስሕተት፣ ያለ ቦታው። ለንስሐ አባቴ አልነገርሁም። ወንድሜን ለመጉዳት ያስቀመጥሁት እንደሆነ ቢጠይቁኝ የምመልሰው ስለሌለኝ ነው።

በጥቅምት አንድ ቀን፣ ጎርፉ ጎድሎ ሰዉ ሁሉ ማሳ ላይ በነበረበት ቀትር፣ ገጹን ለሁሉም ዘጋሁትና ዲስኩን፣ ያን ጀንዲ፣ አነሣሁት። በሬን ቀረቀርሁ። የጽጌን ትምህርት ከፍቼ ከራሱ እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ድምፁ ሦስቴ በታጠፈ ቁጥር ሳላውቀው ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር። ሲያልቅ ዲስኩን በቦታው መለስሁ፤ መስመሯ በሰነዱ ውስጥ መኖሯን አየሁ፤ ገጹንም ከፈትሁ።